የካርታው ፎቶ ኮፒ ይበቃናል?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

አዲስ አበባ ውስጥ በ150 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ መኖሪያ ቤት ለመግዛት እኔና ባለቤቴ በዋጋው ተስማምተናል። ደላላው የካርታውን ፎቶ ኮፒ ሰጠን። ዋናውን ስንጠይቅ ሻጩ «ውል ስንዋዋል ታዩታላችሁ» አሉን። ባለትዳር ናቸው፤ ካርታው ግን በእሳቸው ስም ብቻ ነው። ኮፒውን ይዤ ክፍለ ከተማ ብሄድ ያጣሩልኛል? ቀብድ አሁኑኑ ስጡ ስለተባልን ጭንቅ ውስጥ ነን።

ገዢዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ዋናው ካርታ ሳይጣራ ቀብድ እንዳይሰጡ። ኮፒው የሚያሳየው እንዲህ ያለ ካርታ በአንድ ወቅት መዘጋጀቱን ነው፤ እሱም ሐሰተኛ ካልሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በባንክ ብድር ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም ካርታው መክኖ (ተሰርዞ) እንደሆነ የሚታወቀው ከክፍለ ከተማው ፋይል ነው።

ብቻዎን ቢሄዱ ግን መረጃውን ላያገኙ ይችላሉ፤ ጥያቄውን የሚያቀርበው ባለይዞታው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዋናውን ካርታና መታወቂያቸውን ይዘው ይዞታው ወደሚገኝበት ክፍለ ከተማ አብረዋችሁ ይሂዱ፤ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃም በስማቸው ይጠይቁ። ማስረጃው ለውሉ ቀን ቅርብ ይሁን፤ እግድ በማግስቱም ሊገባ ይችላል። ካርታ ቁጥሩን፣ የተሰጠበትን ቀን፣ ስሙን እስከ አያት፣ ስፋቱንና አገልግሎቱን ከፋይሉ ጋር ያመሳክሩ። ይዞታው የሊዝ ከሆነ ቀሪና ውዝፍ ክፍያውን በጽሑፍ ይወቁ። ከዚያ ሜትር ይዘው ግቢውን ይለኩ፤ አጥሩ ከካርታው ካሬ አልፎ ከሆነ ትርፉን ሻጩ በሕግ ሊያስተላልፉልዎ አይችሉም።

«ዋናው ጠፍቷል» ከተባሉ፣ ሻጩ ምትክ ካርታ እስኪያወጡ ይጠብቁ። «ባንክ ነው» ከተባለም የዕዳውን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ይምጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሻጩ ባለቤት ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 63 መሠረት በአንዱ ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ሚስትየው ካልተስማሙ፣ ሽያጩን ባወቁ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። እሳቸውም ቀርበው ይፈርሙ። በወኪል ከሆነ ውክልናው ቤት የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ ይስጥ፤ አለመሻሩም ይጣራ።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ተፈራረሙ። ቀብዱንም በባንክ አስተላልፉ፣ በጽሑፍም «ቀብድ» ተብሎ ይጠቀስ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ገዢ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። የተረጋገጠ ውል በእጅዎ መኖሩ ብቻውን ባለቤት አያደርግዎትም፤ ስሙ በመዝገብ መዞር አለበት። ከዋጋው የተወሰነው ካርታው በስማችሁ ሲወጣ እንዲከፈል በውሉ ያስገቡ፤ ሻጩ ለስም ዝውውሩ መቅረብና ያለባቸውን ግብር መክፈል እንዳለባቸውም እዚያው ይጻፍ።