ሕዝቡ የሚያውቀውን ወይስ ባንዱ የሚወደውን?

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው። የሮክ ባንድ መድረክ ሲወጣ ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ይጫወት ወይስ ብዙ ሰው ያልሰማቸውን? የሆቴልና የሠርግ ባንዶችም ይጨቃጨቁበታል። አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን አዘጋጆች። ባሕር ዳር ውስጥ የምንጫወት፣ አምስት አባላት ያሉን የሮክ ባንድ ነን። ሁለታችን የታወቁትን ብቻ እንጫወት ባዮች ነን። ሦስቱ ደግሞ የራሳችንን አዳዲስ ሥራዎችና ሰው የረሳቸውን የድሮ ዘፈኖች ይፈልጋሉ። ባለፈው ኮንሰርት አራት የማይታወቁ ዘፈኖች አከታትለን ስንጫወት ታዳሚው እየተነሣ ወጣ። የቱ ወገን ነው ትክክል? (ጊታሪስት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ታዳሚውን ያስወጣው የዘፈኖቹ አለመታወቅ ሳይሆን የአራቱ መከታተል ይመስለናል። ሰው አንድ እንግዳ ዘፈን በትዕግሥት ይሰማል። ሁለተኛው ሲመጣ ከጎኑ ካለው ጋር ወሬ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ስልኩን ያወጣል። እኛ የምናምነው ትኬት ገዝቶ የመጣ ሰው የሚወደውን ዘፈን ሳይሰማ ወደ ቤቱ መግባት እንደሌለበት ነው። በየኮንሰርቱ ያንኑ ዝርዝር የሚደግም ባንድ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰለቸው ራሱ ነው። ድራመሩ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ሲመታ ሕዝቡ ያውቅበታል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ፤ ክርክሩን የሚፈታው ቁጥሩና ቦታው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በቅጂ 4 ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን መድረክ ላይ ሶሎ ሲጨመርበትና አዝማቹ ሲደጋገም 5 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ለ90 ደቂቃ 15 ዘፈን ብትይዙ 82 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። በመካከል ያሉት 14 ክፍተቶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ደቂቃ ቢወስዱ 7 ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ሞላ። ከ15ቱ 10 የታወቁ፣ 5 የማይታወቁ አድርጉ። የማይታወቁትን 4ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛ፣ 11ኛ እና 13ኛ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስትና ከመጨረሻዎቹ ሁለት ውስጥም አይግቡ። እንደ እናንተ ገና ስሙ ላልገነነ ባንድ ከሦስት አንድ ከሚለው ልክ ማለፍ አደጋ ነው።

ትልቁን ዘፈን ግን መክፈቻ አታድርጉት። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተስተካከለው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይለወጣል፤ የሰው አካልና ልብስ ቀጫጭኑን ድምፅ ስለሚውጥ ድምፃዊው የታፈነ ይመስላል። ሚክሰሩ ላይ ያለው ባለሙያ ይህን ለማስተካከል አንድ ሙሉ ዘፈን ያስፈልገዋል። መክፈቻው የታወቀ፣ መካከለኛ ፍጥነት ያለው፣ ሁሉም መሣሪያ የሚሰማበት ይሁን። ትልቁ ዘፈን 15ኛ፣ ሁለተኛው ትልቅ 3ኛ ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሰዉ "ይደገም!" ካለ የምትጫወቱት አንድ የታወቀ ዘፈን ከዝርዝሩ ውጭ ይቀመጥ።

አሁን ብዙ ባንዶች ወደሚሰናከሉበት ነጥብ እንምጣ። የታወቀ ዘፈን ላይ ቤዙ ቢስት ሕዝቡ አብሮ እየዘፈነ ስሕተቱን ይሸፍንላችኋል፤ የጎደለውን ከትውስታው ይሞላዋል። የማይታወቅ ዘፈን ላይ ይህ ድጋፍ የለም፤ እያንዳንዱ ስሕተት ብቻውን ይሰማል። ባንዶች ግን የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ የታወቀውን ደጋግመው ይለማመዱና አዲሱን በመጨረሻው ቀን ይነካኩታል። የልምምድ ሰዓታችሁን ግማሽ ለእነዚህ አምስት ዘፈኖች ስጡ።

አጨዋወቱም ይለያል። መግቢያው ከ8 ባር (ከ8 የምት ዙር) አይብለጥ፤ አዝማቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ይምጣ፤ ጠቅላላው ከ4 ደቂቃ አይለፍ፤ ረጅሙ የጊታር ሶሎ ለታወቀው ዘፈን ይቆይ። ግጥሙ እንዲሰማ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ጊታሩን በ3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉለት፤ ፊደላቱ ጥርት ብለው የሚሰሙበት ክልል ነውና። በተቻለ መጠን ያለፈው ዘፈን ጭብጨባ ሳይበርድ ድራመሩ በዚያው ፍጥነት ይቀጥል። "አዲስ ስለሆነ እባካችሁ ታገሡን" የሚል ንግግር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዘፈኑ ሳይሰማ ይቅርታ ተጠየቀለት ማለት ነው። ስሙን ጠርታችሁ ጀምሩ።

የውጭ ባንዶችን የሚጠቅሱ አባሎቻችሁ ምናልባት ኒርቫናን ያነሡ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1993 ኒው ዮርክ ውስጥ ለቴሌቪዥን በተቀረጸው ኮንሰርት ከ14 ዘፈኖች 6ቱ የሌሎች ሙዚቀኞች ሥራዎች ነበሩ፤ በጣም የታወቀውን የራሳቸውን ዘፈን ጨርሶ አልነኩትም። ተሳክቶላቸዋልም። ነገር ግን ያ ትንሽ ስቱዲዮ ነበር፣ መሣሪያዎቹም ቀለል ያሉ ነበሩ፤ ታዳሚው የተለየ ነገር ለመስማት ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ግሬትፉል ዴድ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1995 በየምሽቱ ዝርዝሩን ሲቀያይር ኖሯል፤ ተከታዮቹ የሚመጡት ለዚያ ነበር። ሜታሊካ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአንድ ከተማ ሁለት ምሽት ሲጫወት አንድም ዘፈን ላለመድገም ቃል ገባ፤ ይህን የቻለው የ40 ዓመት ሥራ ከጀርባው ስላለው ነው። ሦስቱም ከታዳሚያቸው ጋር ውል አላቸው። የእናንተ ውል ገና እየተጻፈ ነውና በፖስተሩ ላይ "አዳዲስ ሥራዎችም ይቀርባሉ" የሚል መስመር ጨምሩበት። ሰው አውቆ ከመጣ አይቀየምም።

ጥያቄ፦ የጥንት የጎጃም ዘፈኖችን በሮክ አቀናብረን ከታወቁት መካከል እናስገባለን። ነገር ግን ክራሩ እስኪቃኝ መድረኩ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዱ ዘፈን ላይ ደግሞ ጊታሩ ከዜማው ጋር ይጋጫል። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ክራር ተጫዋች፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም ደስ ብሎናል፤ ብዙ ጥሩ ዘፈን መድረክ ላይ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ለያይተን እንያቸው።

መጀመሪያ ክራሩ። ባለ ስድስት ክር ክራር በአምስት ድምፅ ይቃኛል፤ ስድስተኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በኦክታቭ ይደግማል። ስለዚህ ቅኝት በተለወጠ ቁጥር ክር መጠምዘዝ ግድ ነው። መነሻውን ዶ አድርገን እንጻፈው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ቃና ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ግማሽ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር በእያንዳንዱ ጊዜ የሚነኩት ሁለት ክሮች ብቻ ናቸው። ከሙሉ ትዝታ በቀጥታ ወደ አንቺ ሆዬ ከዘለላችሁ ግን ሦስት ክር ይሆናል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ የሆነው ባቲም ከሙሉ ትዝታ ሦስት ክር ያስለውጣል፤ ሁለቱ በሙሉ ቃና ስለሚሳቡም ቶሎ ይፈታሉ፤ ለእሱ ሁለተኛ ክራር አዘጋጁ፣ ካልሆነም ዕረፍት ከተወሰደ በኋላ አስገቡት። ዝርዝሩን ስትሠሩ የታወቀና የማይታወቅ ከማለታችሁ በፊት ከየዘፈኑ ፊት ቅኝቱን ጻፉ። የማይታወቀውን ዘፈን በዚያው ቅኝት ካለ የታወቀ ዘፈን ቀጥሎ ስታስገቡት የታዳሚው ጆሮ አስቀድሞ ስለለመደው እንግዳነቱ ይቀንሳል።

ግጭቱን ደግሞ የሚያመጣው የሮክ ጊታር ልማድ ነው። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ሲበዛ ሙሉ ኮርድ ስለሚደፈርስ ጊታሪስቱ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ፓወር ኮርድ የሚባለው ነው። በዶ ላይ ሲይዘው ዶና ሶል ይሆናል። ለትዝታ፣ ለባቲና ለአምባሰል ችግር የለውም። አንቺ ሆዬ ውስጥ ግን ሶል የለም፤ ያለው ሶል ፍላት ነው። ድምፃዊው ሶል ፍላት ሲል ጊታሩ በሙሉ ኃይሉ ሶል ይላል፤ የምትሰሙት መጋጨት እሱ ነው። በአንቺ ሆዬ ድምፆች ውስጥ የሚያርፉት ፓወር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ በፋ ላይ የሚያዘው (ፋና ዶ) እና በሶል ፍላት ላይ የሚያዘው (ሶል ፍላትና ሬ ፍላት)። በእነዚህ ሁለቱ እየተመላለሳችሁ ዶ ላይ ስትደርሱ ጊታሩና ቤዙ ዶን ብቻ ይምቱ። ዘፈኑ ከባድና የሚያስፈራ መልክ ይይዛል፤ ለሮክ የተሠራ እስኪመስል ድረስ።

የደብረ ማርቆስን የምሽት ብርድ አትርሱ። የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ይጠብቅና ድምፁ ከፍ ይላል፤ የመድረክ መብራት ሲያሞቀው ይላላል። መሣሪያዎቹን ከ30 ደቂቃ በፊት መድረኩ ላይ አውጥታችሁ እዚያው ቃኙ። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚረግብ በክረምት ከሽፋኑ የሚወጣው ተራው ሲደርስ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ አድማጭ ነኝ። የምወደውን ዘፈን ልሰማ ሄጄ ዜማውን ለዋውጠው ሲጫወቱት አብሬ መዝፈን አቃተኝ። እንደ ቅጂው ቢጫወቱት ምን አለበት? (አድማጭ፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቅሬታዎ ትክክል ነው። ባንዱ ያንኑ ዘፈን መቶ ጊዜ ስለተጫወተው ለውጥ ይናፍቀዋል፤ እርስዎ ግን ምናልባት በመድረክ የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባንዶችን የምንመክረው የዜማውን መስመር፣ የአዝማቹን ቦታና ምቱን ሳይነኩ መግቢያውን፣ ሶሎውን ወይም መዝጊያውን እንዲለውጡ ነው። ባለ ስድስት ምቱን ጭክጭካ ወደ ባለ አራት የሮክ ምት ከገለበጡት ግጥሙ ቦታው ስለሚዛነፍ ታዳሚው መግቢያው ይጠፋዋል። እርስዎን የገጠመዎ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ለውጥ ግን ይቅር ይበሉላቸው፤ ድምፁን በግማሽ ወይም በአንድ ሙሉ ቃና ዝቅ ማድረግን። ስቱዲዮ ውስጥ አንዴ የተነካ ከፍታ በየምሽቱ ሲጮህ ጉሮሮ ይጎዳል። ብዙ የሮክ ባንዶች ጊታራቸውን በግማሽ ቃና አውርደው ይቃኛሉ፤ አብሮ የሚዘፍነው ታዳሚም ይቀለዋል።

ጥያቄ፦ ሆቴልና ሠርግ ላይ እንሠራለን። ሰዉ ግንባራችን ላይ ብር እየለጠፈ "ይህን ዝፈኑልኝ" ይላል፤ ያዘጋጀነው ዝርዝር ሁልጊዜ ይበላሻል። (የባንድ መሪ፣ ከእንጅባራ)

መልስ፦ ሠርግ ላይ የባለቤቱ ምርጫ ይቅደም፤ እዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ የማይታወቅ ዘፈን አታስገቡ። ሆቴል ውስጥ ለጥያቄ ቦታ ስጡት። አንድ ሰው ከመድረኩ ሥር ቆሞ ጥያቄዎቹን በወረቀት ይቀበል፤ ከ45ኛው ደቂቃ በኋላ 15 ደቂቃ ለእነሱ ይሁን። ያልተለማመዳችሁትን "እንሞክረው" አትበሉ፤ የሰውን ውድ ዘፈን ከማበላሸት በትሕትና እንቢ ማለት ይሻላል።

የአዝማሪውን "ተቀበል" ግን ለምን ትተዉታላችሁ? ባለ ሁለት ስንኝ አዝማች ያለው የማይታወቅ ዘፈን ምረጡ፤ ባንዱ ምቱን ዝቅ አድርጎ ይያዝ፤ ታዳሚው ስንኝ ይስጥ፣ ድምፃዊው ተቀብሎ ይዝፈነው። በቅኔ አገር ስንኝ የሚሰጥ አይጠፋም። ሦስት አራት ሰው ከሰጠ በኋላ ያ ዘፈን የዚያ አዳራሽ ዘፈን ሆኗል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

በነገራችን ላይ የሌላ ሰው ሥራ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ የደራሲው መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በማሻሻያው 872/2007 የተጠበቀ ነው። ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ ፈቃድ ስትጠይቁ ሦስቱንም አጣሩ።

ጥያቄ፦ በትልቁ ዘፈን መካከል መብራት ቢጠፋ ምን እናድርግ? (ድራመር፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የተቋረጠውን ዘፈን በባዶ ጉሮሮ ለመጨረስ አትታገሉ፤ ያለ ጊታር ይኮሰምናል፤ መብራት ሲመለስ ከመጀመሪያው ብትደግሙት ሕዝቡ በደስታ ይቀበላል። ለዚህ ሰዓት በማሲንቆ፣ በከበሮና በድምፅ ብቻ የሚሄድ አንድ የማይታወቅ ዘፈን ሁልጊዜ ዝግጁ ይኑራችሁ። ጨለማ ውስጥ ሰው ጆሮውን ስለሚሰጥ እንግዳ ዘፈን የሚደመጥበት የተሻለ ጊዜ የለም። ድምፃዊው ወደ መድረኩ ጠርዝ ይቅረብ፤ ጭብጨባውን እናንተ አስጀምሩ።

በዚያው ቅጽበት አንዱ ልጅ ሮጦ ፓወር አምፕሊፋየሩን ያጥፋ፤ ካልጠፋ መብራቱ በድንገት ሲመለስ የሚፈጠረው ድንጋጤ ስፒከሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሲከፈት ሚክሰሩና ኪቦርዱ ይቀድማሉ፤ ተነሥተው እስኪጨርሱ ጠብቁና አምፕሊፋየሩን በመጨረሻ ክፈቱ።