«ኮርማው ይሸጥ ብል አባቴ አይሰሙኝም»

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ቤተሰባችን ከቅድመ አያቴ ዘመን ጀምሮ የሥጋ ከብት በማርባት ይተዳደራል፤ ከወንዶቹ ልጆች ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁም የአራተኛው ትውልድ ወራሽ እኔ ነኝ። ሆኖም አባቴ አንዲት ጊደር እንኳ በራሴ ውሳኔ እንድሸጥ አይፈቅዱልኝም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የኮርማው ነገር ነው። ትከሻውንና ወገቡን ስለሚወዱለት «አይሸጥም» ይላሉ። እኔ ግን ኮርማው የገዛ ሴት ልጆቹን እያጠቃ፣ ማለትም እያስረገዘ፣ እንደሆነ፣ በቅርቡ የተወለዱት ጥጆችም ከቀድሞዎቹ የቀጨጩና ተነሥተው ጡት ለመያዝ የሚዘገዩ እንደሆኑ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ያወቅሁት፣ ሌሊት የሚወልዱትን ላሞች የምታዋልደው ታላቅ እኅቴ የትኛው ጥጃ ከየትኛዋ ላም እንደተወለደ በደብተር ስለምትመዘግብ ነው። መስኩ ተግጦ ሳያልቅ ከፋፍለን በየተራ እናሰማራ ብዬም ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ «አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ከብት አውቃለሁ» የሚል ነው።

አባቴን ማሳዘን አልፈልግም። ነገር ግን ድርሻዬን ወስጄ፣ ሸጬ፣ ሌላ ሥራ ብጀምር የአራት ትውልድ ሥራ ያፈረሰ ልጅ እሆናለሁን? እውነቱን ለመናገር፣ ከብት ማርባት እወድ እንደሆነ ራሴም እርግጠኛ አይደለሁም።

ትዕግሥቱ ያለቀ ልጅ

ወንድሜ፣

በኮርማው ጉዳይ ልክ ነህ። ጊደር በ15 ወር ገደማ ለመጠቃት ትደርሳለች፤ ላም ደግሞ 283 ቀን ያህል ታረግዛለች። ስለዚህ አንድ ኮርማ በአንድ መንጋ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ፣ ካልተለየ በቀር የገዛ ልጆቹን ማግኘቱ አይቀርም። ከአባትና ከልጅ የሚወለድ ጥጃ በአማካይ የዘረመሉ ሩብ ያህል ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚደርሰው፣ በዘሩ ተሸሽጎ የኖረ ድክመት ሊገለጥበት ይችላል። አባትህ የሚወዱትን ከብት ለእርድ ስጡ አትበላቸው፤ ከሌላ አርቢ ኮርማ ጋር ይለዋወጡት፣ ከዚያ በፊት ግን ሁለቱንም የእንስሳት ሐኪም ይመርምራቸው።

ያስቆጣኝ ሌላ ነው። እኅትህን ያነሣሃት ለክርክርህ ማስረጃ ስትፈልግ ብቻ ነው፤ «ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ» ያልኸውም እርሷ በዚያው ቤት እያለች ነው። ጥጃ ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ከእናቱ ማኅፀን ይዞ አይወጣም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም ያን ኃይል በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ አንድ ቀን ካለፈ በኋላ በሩ ይዘጋል። ታዲያ እነዚያ ጡት ለመያዝ የሚዘገዩ ጥጆች በውድቅት ሌሊት ማን ደግፎ አቆማቸው? እንገሩን አልቦ በአፋቸው ያንጠባጠበላቸውስ ማን ነው? አንተ የኮርማውን ጥፋት ለማወቅ የበቃኸው፣ እርሷ እጇን ታጥባ፣ እንቅልፏን ትታ በጻፈችው መዝገብ ነው። አባትህ አልሰሙኝም ብለህ ታዝናለህ፤ እኅትህን ግን እስከ ዛሬ «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብለህ የጠየቅሃት አይመስለኝም።

ይህን ሙያ አለመውደድህ ኃጢአት አይደለም፣ በዚህ ጉዳይ ልብህ ይረፍ። የቅድመ አያትህን ሥራ የሚያፈርሰው ያንተ መሄድ ሳይሆን፣ ሥራውን የምታውቀው ሰው ሴት በመሆኗ ብቻ ከወራሽነት መዘለሏ ነው፤ እኔ በዚህ ነገር ሚዛን ይዤ መካከል ላይ ልቆም አልችልም።

እንግዲህ ወደ አባትህ ከመሄድህ በፊት ወደ እርሷ ሂድ። መንጋውን መያዝ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት፤ እፈልጋለሁ ካለችህም ደብተሩን ራሷ ለአባቷ ታንብብላቸው፣ አንተ ከጎኗ ተቀመጥና ስለ መስኩም ስለ ኮርማውም እርሷ ትናገር። ድርሻህን በተመለከተ፣ እናት ላሞችንና ጊደሮችን አትንካ፤ እነርሱ ከተሸጡ የሚቀር መንጋ የለም። በየዓመቱ ደልበው ከሚሸጡት ሰንጎች ላይ እየቆረጣችሁ ያንተን ድርሻ እንድትከፍልህ ተስማሙ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን፣ አባታችሁም በሕይወት ሳሉ ይፈርሙበት።