ስድብ ለምን ይለመዳል?

ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት ጀማሪ ነርስ «ሲስተር፣ የአስታማሚ ስድብ መቼ ነው የሚለመደው?» አለችኝ። ያን ጊዜ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ።

አብረን ድንገተኛ ክፍል አዳር ተረኛ ነበርን። እጁ የተሰበረ ልጅ ተራ ይጠብቃል። ከዘጌ በጀልባ የመጣች ወላድ ደም እየፈሰሳት ገባች። በዚያን ጊዜ ከዘጌ በሌሊት ሰው ማምጣት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር፤ ማዕበል ካለ ጀልባ የሚነዳ አይገኝም። ባልደረባዬ ወላዷን አስቀደመች። የልጁ ወንድም «ከኋላ የመጣች እንዴት ትቀድማለች?» ብሎ በጥፊ መታት። ጉንጯን ይዛ ሄዳ ለወላዷ ጉልኮስ ሰካችላት። ሴትዮዋ ተረፈች።

ጠዋት ኃላፊያችን «የጨነቀው ሰው ነው፣ እለፊው» አላት። ሁላችንም «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» አልናት። ማንም አልጻፈውም። ከዚያ በኋላ በሽተኛውን ሁሉ በስሙ የምትጠራ ልጅ «አልጋ ሦስት» ማለት ጀመረች። ክፍል ቀይሩልኝ አለች፤ አልተቀየረላትም። በመጨረሻ ሥራውን ተወችው። የሕፃን ደም ሥር እንደ እሷ የምታገኝ እጅ አላየሁም። ዛሬም ይቆጨኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን ሲገልጽ፣ መፍትሔ ያላገኘ የሥራ ቦታ ጭንቀት ውጤት ነው ብሏል። ምልክቶቹም መዛል፣ ከሥራው በልብ መራቅና «አልረባም» ማለት ናቸው። በሽታ ብሎ አልመደበውም። ሳነበው እሷን አየኋት።

የዛሬ ልጆች ቶሎ ትሰለቻላችሁ። እኛ እንችለው ነበር። እንችለው ነበር ስል ግን፣ እሷ አልቻለችም። እንኳን ጠየቃችሁ።

ስድብም ዱላም አትልመዱ። በዚያው ሌሊት ጻፉት፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያየውን ሰው። ቀይ የተባለው፣ ማለትም አጣዳፊው በሽተኛ ለምን ከቢጫው፣ ትንሽ መጠበቅ ከሚችለው፣ እንደሚቀድም ለአስታማሚው ገና ሲገባ ንገሩት፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሁሉም ግን አይደለም። ሴት ሐኪም ፊቱ ቆማ «ዶክተሩን ጥሩልኝ» የሚለውን ሰው ማስረዳት አይመልሰውም። እሱን ብቻችሁን አትጋፈጡት።

ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ፣ ጥበቃው በግቢው በር ብቻ አይቁም። ማታ ማታ ትሪያጁ ጋ፣ በሽተኛው እንደ ሕመሙ ክብደት በሚለይበት ቦታ፣ አቁሙት። የተመታችውን ልጅ በማግስቱ እዚያው አትመድቧት።