መልስ፦ ሶራክሳን በአንድ ቀን፣ ለሚያመው ጉልበት

በደቡብ ኮሪያው የሶራክሳን ተራራ ፓርክ፣ ጉልበቴ እያመመኝ በአንድ ቀን የቱን ልውጣ ብለህ ጠይቀሃል። ጉልበትህ የሚያምህና ያለህ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ኡልሳንባዊ የተባለውን ባለ ብዙ ጫፍ አለት ምረጥ፤ 1,708 ሜትር ከፍታ ያለውን የተራራውን ከፍተኛ ጫፍ ዴቾንግቦንግን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ከሶክቾ ከተማ በ7 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ፓርኩ መግቢያ ሂድ። በፓርኩ ውስጥ ካለው ከሺንሁንግሳ ቤተ መቅደስ፣ ወደ ኡልሳንባዊ ሲኬድ እስከሚገኘው ሁንደልባዊ ያለው መንገድ ብዙም አያስቸግርም። ሁንደልባዊ በሰፊ አለት ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ድብልብል ድንጋይ ነው፤ ሲገፉት ይነቃነቃል እንጂ አይወድቅም። ትከሻህን አስደግፈህ ሞክረው! ጉልበትህ እንቢ ካለህ ከዚያው ተመለስ፤ ቀንህ አልባከነም።

ከዚያ በላይ ወደ ኡልሳንባዊ የሚያወጣው ገደሉን ታክኮ የተሠራ ረጅም የብረት ደረጃ ነው። ከላይ ስድስቱን የግራናይት ጫፎች በቅርብ፣ ባሕሩንም በሩቅ ታያለህ።

አደራ፣ ኃይልህን ሁሉ በመውጣት አትጨርስ። የታመመ ጉልበት አብዝቶ የሚፈተነው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ምርኩዝ ያዝ፣ መደገፊያውንም አትልቀቅ።