ለወንድማችሁ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ከአገር ከወጣሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለቤተሰቡ መኪና ገዝቶ የሚቆጭ አዲስ መጪ ያላየሁበት ዓመት ስለሌለ፣ ዘንድሮ ሳላለሳልስ እጽፋለሁ፦ መኪና ከምትገዙለት የመኪና ጥገና ሥልጠና ክፈሉለት።

1. ወረቀት፦ ገንዘቡን በባንክ ላኩ፣ የሥልጠናውን ክፍያ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በዚህ ይብቃን።

2. ሙያው፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ሞተር ብቻ የሚያውቅ መካኒክ ስለ ነገ እንጀራው ቢጨነቅ አይፈረድበትም። መሪ፣ ፍሬንና እግር (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ግን በኤሌክትሪክ መኪናም አሉ፤ እንዲያውም ባትሪው ከባድ በመሆኑ በሞላውና በጎማው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል።

3. የእኔ ጥፋት፦ ታናሽ ወንድሜ ሜክሲኮ አካባቢ ካለው ተግባረ ዕድ ገብቶ አውቶሞቲቭ ልማር ብሎ ሲለምነኝ፣ «ግሪስ ተቀብተህ ልትውል ነው?» ብዬ አፌዝሁበትና ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁለት። አንድ ቀን ከእንጦጦ ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ወርዶ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠበት፤ በእጅ ፍሬንና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ታግዞ ቆመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የፍሬን ዘይቱ ሲቀዳ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መለወጥ ይኖርበታል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ እንፋሎቱ ስለሚጨመቅም የእግራችን ጉልበት ጎማው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ወንድሜ ይህን የት ሰምቶት? እኔ የላክሁለት መኪና እንጂ ትምህርት አልነበረም!

ስለዚህ ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ በየሳምንቱ ስንት ሰዓት መኪና ሥር እንደሚገባ ጠይቁ። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ከተላወሰ ቦል ጆይንቱን (የእግሩን መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታውን፣ ከግራና ከቀኝ ሲነቀንቀው ከተላወሰ ደግሞ የመሪውን ዘንግ ጫፍ እንዲጠረጥር በእጁ ያስለምዱታል? የመሪውን ዘንግ ጫፍ ከቀየረ በኋላስ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠሩታል? ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚያስተምሩ ከሆነ ብራችሁን ያዙ።

ወንድሜ ቪትዟን ሸጦ ዛሬ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ደላላ ሆኗል። የእያንዳንዱን የፍሬን ሸራ ዋጋ በቃሉ ይነግራችኋል፤ ደንበኛው «አንተው ግጠምልኝ» ሲለው ግን ከማዶ ያለ መካኒክ ይጠራለታል።