ሪፖርት ካርዱ ኤ፣ ፈተናው 2፦ ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሒሳብ ለጠየቃችሁኝ

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት አገር ቤት ጠመኔ ይዤ ብዙ ቆሜያለሁ። ስለ ልጆቻችሁ ሒሳብ የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን መልሻለሁ። የዲስትሪክቱ ቃል አቀባይ አይደለሁም። አንዳንዱ የራሴ አስተያየት ነው፤ ባትስማሙ ቅር አይለኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። ሪፖርት ካርዱ ላይ ሒሳብ ኤ አለው። የስቴቱ ፈተና ውጤት ሲመጣ ግን 2 ይላል። የቱን ልመን? (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ግን ለየቅል ነው። ሪፖርት ካርዱ ውስጥ ሆምወርክ አለ፣ የክፍል ሥራ አለ፣ በድጋሚ የተሠራ ፈተናም አለ። ኤምካፕ የምንለው የስቴቱ ፈተና የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ የክፍሉን ሒሳብ ብቻውን ይሠራል ወይ? ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ይሰጣል፤ አልጀብራ 1 የሚወስዱም ይፈተናሉ። ደረጃው ከ1 እስከ 4 ነው። ብቁ የሚባለው 3 እና 4 ያመጣ ነው። 2 ማለት ገና ነው ማለት ነው።

ብቻሽን አይደለሽም። በ2025 በመላው ሜሪላንድ በሒሳብ 3 ወይም 4 ያመጡት 26.5 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2023 ደግሞ 23.3 ነበር። እንግሊዝኛው በ2025 ከግማሽ ትንሽ አልፏል፣ 50.8። ሒሳቡ ነው ወደኋላ የቀረው።

እዚህ ካውንቲ ደግሞ በማርክና በፈተና መካከል ያለው ክፍተት የቆየ ታሪክ አለው። በ2013 በአልጀብራና በጂኦሜትሪ የካውንቲው ማጠቃለያ ፈተና ከግማሽ በላይ የሃይስኩል ተማሪዎች ወደቁ። ብዙዎቹ ግን ኮርሱን አለፉ። ጉድ ተባለ፣ አጥኚ ቡድን ተቋቋመ። መጨረሻው ምን ሆነ? ከ2016-17 ጀምሮ ፈተናው ራሱ ቀረ። ፈተና የማስተማሪያ ጊዜ ይበላል ነው የተባለው፤ እሱም ውሸት አይደለም። ለእኔ ግን ሥጋው ሲጎድል ሚዛኑን እንደ መደበቅ ነው። አብሮት የመጣው የማርክ አሰጣጥ ደግሞ ባሰ። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 90፣ በሁለተኛው 80 ያመጣ የሃይስኩል ተማሪ፣ የሴሚስተሩ ውጤት ኤ ተብሎ ይጻፍለት ነበር። ከ2025-26 ጀምሮ የሁለቱ ፐርሰንት አማካይ ይወሰዳል። ያው ልጅ አሁን 85 ነው፣ ማለትም ቢ። ልጆቹ አኩርፈዋል። እኔ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ የማፕ ፈተና ውጤት 60 ይላል። ወደቀች ማለት ነው? (አባት፣ ጀርመንታውን)

መልስ፦ አይደለም። ማፕ ከኤምካፕ የተለየ ፈተና ነው። እሱ ቁጥር ከ100 የታረመ ማርክ አይደለም፤ ፐርሰንታይል ነው። በአገር ደረጃ ከ100 የክፍል እኩዮቿ ከ60ዎቹ በልጣለች ማለት ነው። በዚህ ቁጥር የተነሳ ልጁን የገሠፀ አባት አውቃለሁ፤ ልጁ ያመጣው 71 ነበር። ማፕ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ከመከር እስከ ጸደይ ምን ያህል እንደጨመረች ተመልከት። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ጉዞው ይናገራል።

ጥያቄ፦ እኛ በአንድ መጽሐፍ ነው ያደግነው። እዚህ በየጊዜው ይቀያይራሉ። ለምን?

መልስ፦ ከ2010 ገደማ ጀምሮ ካውንቲው የራሱን ሥርዓተ ትምህርት ይጠቀም ነበር፤ ካሪኩለም 2.0 ይባል ነበር። በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ገምግመው ድክመቱን አወጡት። መምህሩ ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ የማስተማሪያ ወረቀት ሲለቅም ያድራል። እዚህ ክፍል ያለው ልጅና ወዲያ ማዶ ትምህርት ቤት ያለው ልጅ የሚማሩት አንድ አይደለም። ከዚያ በ2019 የተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት ተገዛ፦ ለአንደኛ ደረጃ ዩሬካ ማት፣ ለመካከለኛው ኢለስትሬቲቭ ማቲማቲክስ። ዓመት ሳይሞላ ኮቪድ መጣና ሁሉም በስክሪን ሆነ። አዲስ መጽሐፍ፣ ያልለመደው መምህር፣ ቤት የተዘጋበት ልጅ፤ እንግዲህ አስቡት።

ጥያቄ፦ ልጄን ማባዛት እኔ በተማርኩበት መንገድ አስተማርኩት። አስተማሪዋ ሌላ መንገድ ካልሆነ አለች። ሳጥን ሳጥን ይሥላሉ። ይሄ ሒሳብ ነው ሥዕል? (አባት፣ ዊተን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ እሰማዋለሁ። 34ን በ26 እናባዛ። እኛ አንዱን ከአንዱ በታች እንጽፋለን። ስድስት አራት ሃያ አራት፣ 4 እንጽፋለን፣ 2 እንይዛለን። 204 ይመጣል። ከታች አንድ ቦታ ወደ ግራ ገፋ አድርገን 68፤ ሲደመር 884። ለምን ወደ ግራ ገፋን? ሲጠየቅ የሚመልስ ስንት ሰው አለ? እኔ ራሴ አስተማሪ እስክሆን ድረስ አላውቅም ነበር።

ሳጥኑ ለዚህ መልስ አለው። 34ን 30 እና 4፣ 26ን 20 እና 6 አድርገህ አራት ሳጥን ሣል። በየሳጥኑ 600፣ 180፣ 80፣ 24። ደምራቸው፤ 884። ያ ወደ ግራ የተገፋው 68 ለካ 680 ነው፤ የ600 እና የ80 ድምር። ይሄው ሳጥን አልጀብራ ላይ ተመልሶ ይመጣል። (ኤክስ + 4) በ (ኤክስ + 6) ሲባዛ አራት ክፍል የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሳጥኑን የተረዳ ልጅ እዚያ ሲደርስ አይደነግጥም።

የኛ መንገድም አልተጣለም። 5ኛ ክፍል ላይ በእሱ በፍጥነት መሥራት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ከአስተማሪዋ ጋር አትጣላ። ልጁን ሳጥኑን እንዲያሳይህ ጠይቀው፤ ከዚያ ያንተን አሳየው። ሁለቱ አንድ መልስ ሲሰጡ ፊቱን እየው።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ ልጅ 7ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ ወሰደ። የኔ ልጅ በዚያው ዕድሜ ስለ አልጀብራ የነገረን የለም። እንዴት ነው የሚመረጠው?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መንገዱ የሚከፈለው ብዙዎቻችን ከምናስበው ቀድሞ ነው። ከ4ኛ ክፍል የሚጀምር ኮምፓክትድ ማት የሚባል አለ፤ የሦስት ዓመት ሒሳብ በሁለት ዓመት ይሸፈናል። እሱን የጨረሰ ልጅ 7ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 ይደርሳል። ያልገባ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ሊወስደው ይችላል፤ ያም ቢሆን ሃይስኩል ሳይጨርስ ካልኩለስ ያደርሰዋል። አልጀብራን 9ኛ ክፍል ላይ የጀመረ ግን ካልኩለስ ለመድረስ ኮርስ መደረብ ወይም በጋውን መማር አለበት። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ልጅ ካላችሁ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ውሳኔው የሚሰጠው 3ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው የኛ ወላጅ ገና የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሰዓት እየለመደ ነው። ስለዚህ 3ኛ ክፍል፣ ጸደይ ላይ፣ አስተማሪዋን «ልጄ ለኮምፓክትድ ማት ታይቷል ወይ? ካልታየ ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

ሌላ ቦታ የሆነውን ላንሳ፣ ምክንያቱም ያስተምራል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2014 ሁሉም እኩል ይሁን ብሎ አልጀብራን ከ8ኛ ክፍል አወጣ። ገንዘብ ያለው ወላጅ ውጭ ከፍሎ አስተማረ፣ የሌለው ቀረ። በ2024 ከተማው መልሶ ለማስገባት ወሰነ። ዳላስ ደግሞ በ2019 በተቃራኒው ሄደ፤ ጥሩ ውጤት ያለውን ልጅ ሁሉ ማንም ሳይጠይቅ ከፍ ያለው ክፍል ውስጥ መደበው። አልፈልግም የሚል ወላጅ ነው የሚፈርመው። የጥቁርና የላቲኖ ልጆች ቁጥር በብዙ ጨመረ። በ2023 ቴክሳስ ይህንኑ ሐሳብ ሕግ አደረገው። የኛ ወላጅ ለልጁ ብሎ ቢሮ ሄዶ መከራከር ያፍራል፤ አስተማሪ ያለው ይሁን ይላል። ይህን ባህሪያችንን ለሚያውቅ፣ የዳላሱ መንገድ ለኛ ነው የተሠራ የሚያስመስለው።

ጥያቄ፦ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ሊቀላቀሉ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። የስቴቱ የትምህርት ቦርድ በመጋቢት 2025 አዲስ የሒሳብ ፖሊሲ አጽድቋል። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪና አልጀብራ 2 ተዋሕደው በሁለት ኮርስ ይሰጣሉ፤ የሚጀምረው በ2027-28 ነው። ታናናሾቹም በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሒሳብ እንዲማሩ ያዛል። የስቴቱ የትምህርት ኃላፊ ኬሪ ራይት ከሚሲሲፒ ነው የመጡት፤ እዚያ በንባብ ውጤት ስማቸው ተነሥቷል። ሒሳቡ ላይ ይሳካ ይሆን? መምህራኑን በጊዜ ካሠለጠኑ አዎ፣ ካልሆነ በ2019 መጽሐፉ ሲቀየር የሆነው ይደገማል።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ 9ኛ ክፍልን ጨርሼ ነው የመጣሁት። እዚህ ገና ሳይፈትኑኝ ወደኋላ ሊመልሱኝ ነው።

መልስ፦ አትቀበል፤ ግን በትሕትና። ሮክቪል ያለው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ምዝገባ ቢሮ ትራንስክሪፕትህን አይቶ ክሬዲት ይሰጣል። ዋናውን ወረቀት ይዘህ ሂድ። ትምህርት ቤት ስትገባ ካውንስለሩን የምደባ ፈተና ስጡኝ በለው። አገር ቤት ሃይስኩል በእንግሊዝኛ ስለተማርክ የሒሳቡን ቃላት ታውቃቸዋለህ። የሚያስቸግርህ በታሪክ መልክ የሚመጣው የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ስለ ቤዝቦል ትኬትና ስለ ሣር ማጨጃ ዋጋ የሚጠይቀው። እሱ በሁለት ወር ይለመዳል። ደግሞ ሜሪላንድ ለመመረቅ 4 የሒሳብ ክሬዲት ይፈልጋል፤ በሃይስኩል እያንዳንዱ ዓመት ሒሳብ መውሰድ አለብህ። አንድ ዓመት ማባከን የማያዋጣህ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ቢማር ይሻለው ነበር እላለሁ። ሒሳብ የኛ ይከብዳል።

መልስ፦ መጽሐፉ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ከባድ መጽሐፍና የተማረ ልጅ ሁለት ነገር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኩሞን እናስገባው ወይስ አስጠኚ እንቅጠር?

መልስ፦ የጎደለውን እወቁ መጀመሪያ። መደመር ማባዛቱ ላይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ኩሞን ዓይነቱ ድግግሞሽ ይጠቅማል። ጥያቄውን አንብቦ የማይገባው ከሆነ ግን መቶ ገጽ ቢሠራ ያው ነው። አስጠኚ ከሆነ፣ ጥናቶቹ የሚሉት ግልጽ ነው፦ ያው ሰው፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ ለሦስት አራት ልጅ። በወር አንዴ የሚመጣ ጎበዝ ኢንጂነር አይጠቅምም። አቅም ለሚያንሰው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በካውንቲው ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ሳተርደይ ስኩል አለ፤ የጆርጅ ቢ. ቶማስ አካዳሚ ነው የሚያካሂደው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። እዚያ የሚሄዱት የኛ ልጆች ቁጥር ግን ከሚገባው በታች ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ወላጅና መምህር ስብሰባ ላይ ልጄ ያስተረጉምልኛል።

መልስ፦ ይቅርባችሁ። አንዴ አጠገቤ የነበረ ስብሰባ ላይ አስተማሪዋ «ክፍልፋይ ላይ በጣም ወደኋላ ቀርቷል፣ ሆምወርክም አያስገባም» ስትል፣ የ11 ዓመቱ ልጅ ለእናቱ «ጎበዝ ነው አለች» ብሎ ተረጎመ። እናትየው አመስግነው ወጡ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ካውንቲው ደብዳቤዎቹን ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼን የማሳድግ አያት ነኝ። ፊደል እንጂ ሒሳብ አልተማርኩም። ምን ልርዳቸው?

መልስ፦ እማማ፣ ቡና ሲያፈሉ ትንሹን አጠገብዎ ያስቀምጡት። ስድስት ሰው አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስንት ሲኒ ይቀዳል? ሲመልስ፣ አራት እንግዳ ለቶናው ቢደርስስ ይበሉት። መልሱ 26 ነው። 30 ካለ አይቆጡት፤ እንዴት እንዳገኘው ይጠይቁት። እንግዶቹን አቦል ላይ አስቀምጧቸው ይሆናል።