ከምንጭ የወጣው ጥርስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ምንጭ ውስጥ ሲራመድ አንድ ነገር አደናቀፈው። ጎንበስ ብሎ ጎትቶ ሲያወጣው የክንድ ያህል ርዝመት አለው። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ በቀስታ ታጥፏል፣ አንደኛው ጫፉ ተሰብሯል። ፎቶውን ልኮልኝ «የጥንት ዝሆን ጥርስ ነው ወይስ እንጨት ነው ያደናቀፈኝ?» አለኝ። አጥንትና ጥርስ ስለይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቅ አልኩ። የመጣው ከመልሴ ጋር ይኸው።

ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ሲደርቅ ጥሩ ፎቶ ላንሳልህ?

ኧረ በፈጠረህ! ይህን እንዳነበብክ ሄደህ አንሣው። ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ አድርገህ እዚያው ከወጣበት ምንጭ በቀዳኸው ውኃ ሙላው። ከዚያ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጠው። ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ በረዶ ቤቱ ግን አይሆንም፤ ውኃው በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ይሰነጥቀዋል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ እርጥብ ጥርስ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ፣ መስኮት አጠገብ ትቼ ለዕረፍት ወጣሁ። ስመለስ እንደ ሽንኩርት ተልጧል። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የዝሆን ዘር ጥርስ የሚያድገው ሾጣጣ ቆብ በቆብ ላይ እንደሚደረደር ሆኖ ነው፤ አዲሱ ቆብ ሁልጊዜ ከውስጥ በኩል ይጨመራል። ሺህ ዓመታት ውኃ ሲጠጣ የኖረ ጥርስ ድንገት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቆቦቹም ይላቀቃሉ። አንዴ ከተላቀቁ እንደነበሩ የሚመልሳቸው የለም።

ከውጭ በማየት ብቻ ጥርስ መሆኑን ማወቅ ይቻላል?

አይቻልም ማለት ይቀላል። ከውጭ ሁሉም ነገር ጥርስ ይመስላል። መታወቂያው ያለው ስብራቱ ላይ ነው።

ጫፉን በለስላሳ ብሩሽና በውኃ አጥቡና በአጉሊ መነጽር እዩት። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ አጥንት ወይም የአጋዘን ቀንድ ነው። ከመሃል እስከ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር የሚያብረቀርቁ ክሮች ካሉት ምናልባት ቤሌምናይት ነው፤ የጥንት የባሕር እንስሳ ነው፣ ቅርጹ እንደ ጥይት። ውስጡ በግድግዳ ተከፋፍሎ ክፍል ክፍል ከሆነ ደግሞ ቀጥ ያለ ቀፎ ያለው ሌላ የባሕር ፍጥረት ነው። የዋሻ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ስታላክታይትም ቀለበት አለው፤ ግን ክሪስታሉ ሲያብለጨልጭ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም መሃሉ ላይ ቀጭን ቱቦ አለው። እንጨት ብዙዎችን ያሳስታል፤ ቀለበቱ ጥርስ ያስመስለዋል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን የእንጨቱ ቀዳዳዎች ይታያሉ።

ጥርስ ግን ድፍን ነው። ቀለበት አለው፣ ከሥሩ በኩል ደግሞ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ባዶ ቀዳዳ አለው። ነርቭና ደም ሥር የነበረበት ቦታ ነው። የመጨረሻው ምስክር የሽሬገር መስመር ነው። እንደ ተጠላለፈ መረብ ሆነው ግራና ቀኝ የሚሻገሩ መስመሮች ናቸው፤ ትንንሽ የቼዝ ሰሌዳ ይመስላሉ። ይህን መረብ ካያችሁ የዝሆን ዘር ነው፤ ክርክሩ አለቀ።

የማሞዝ (ከጠፉት የጥንት የዝሆን ዘመዶች አንዱ) ይሁን የዛሬ ዝሆን በምን ይለያል?

በዚሁ መረብ ማዕዘን። መስመሮቹ ሲሻገሩ የሚፈጥሩት ማዕዘን በማሞዝ ላይ ከ90 ዲግሪ በታች ነው። በዛሬዎቹ ዝሆኖች ላይ ከ115 በላይ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው አወዛጋቢ ቀጠና ነው፤ እዚያ የወደቀ ልኬት ብቻውን ምንም አይፈርድም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ማስቶዶንም የጠፋ የዝሆን ዘመድ ነው፤ ማዕዘኑ ግን እንደ ዛሬዎቹ ዝሆኖች ሰፊ ነው። ስለዚህ «ማዕዘኑ ሰፊ ነው፣ አዲስ ነው» ብሎ የሚቸኩል ሰው የማስቶዶን ጥርስ ሊጥል ይችላል።

መርፌ አግዬ ብወጋውስ? ኮምጣጤስ?

ሁለቱም ይቅሩ። የጋለ መርፌ ፕላስቲክን ከጥርስ ለመለየት የሚጠቀሙበት አለ፤ የሚተርፈው ግን ጠባሳ ነው። ኮምጣጤ ጥርሱን ራሱን ይበላዋል። ምላስ ማስነካት የሚባልም ዘዴ አለ፤ ቀዳዳ ያለው አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል ይላሉ። የሚጣበቅ ድንጋይም ሞልቷል። ደግሞ ከጭቃ የወጣ ነገር መላስ ምን ያስቸኩላል?

የጉማሬ ወይም የከርከሮ ክራንቻ ሊሆን አይችልም?

ይችላል። የጉማሬ የታችኛው ክራንቻ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ወደመሆኑ ይጠጋል፣ ላዩም ኢናሜል የሚባል ጠንካራ ሽፋን አለው። የከርከሮ ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ የክንድ ያህል ርዝመት እምብዛም አይደርስም። የባሕር አንበሳ የሚመስለው ዋልረስ ደግሞ የመሃሉ ዴንቲን (የጥርሱ ዋና አካል) እብነ በረድ ይመስል ጠጠር ጠጠር ያለ ነው። መረቡ ሦስቱም ላይ የለም።

ለምንድን ነው ከምንጭ የሚወጣው? ዝሆን ውኃ ውስጥ አይኖርም እኮ።

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሊጠጣ ይመጣል፣ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ፣ ሆት ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 ለግንባታ መሬት ሲደለደል አጥንት ወጣ። ቦታው በሞቀ ምንጭ የሚሞላ ጥንታዊ የተደረመሰ ጉድጓድ ነበር። ማሞዞቹ ለውኃው ይገባሉ፤ ዳርቻው ገደልና አንሸራታች ስለሆነ መውጣት ያቅታቸዋል። እስካሁን ከ60 በላይ ማሞዞች ተቆጥረዋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ከዋኩላ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1930 የማስቶዶን አጽም ወጥቶ አሁን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

ሌላው ምክንያት ጭቃው ነው። ከምንጭ ሥር ያለ ደለል ኦክስጅን ያጥረዋል፣ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያንም እንደ ልብ አይሠሩም። እዚያው ፍሎሪዳ፣ ፔጅ ላድሰን በሚባል በወንዝ ሥር ያለ ጉድጓድ የተገኘ የማስቶዶን ጥርስ ላይ ሰው በመሣሪያ የቆረጠበት ምልክት ተለይቷል። ዕድሜው 14,550 ዓመት ገደማ ነው። ጥርሱን አጥቦ «የሚያምር ጌጥ» ያደረገ ሰው ቢያገኘው ኖሮ ያ ምልክት አብሮ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ ያገኘህበትን ቦታ ምልክት አድርግ። ጥልቀቱን ጻፍ። ሌላ ለመፈለግ ግን እንዳትቆፍር።

መጥቆሩ በጣም አርጅቶ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ቀለም የሚመጣው ከውኃው ነው፤ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ የበሰበሰ ቅጠል። ጥቂት ዓመት ጭቃ ውስጥ የተቀመጠ የላም አጥንትም ይጠቁራል። ሰማያዊ ነጠብጣብ ካየህ ግን አስተውል። ቪቪያናይት የሚባል የብረት ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ከጭቃ ሲወጣ ቀለም አልባ ይሆንና ብርሃንና አየር ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። በቆየ ጥርስ ላይ በብዛት ይታያል።

ቅሪተ አካል ለመባል ድንጋይ መሆን የለበትም?

የለበትም። የበረዶ ዘመን ጥርስ ብዙ ጊዜ ያው ጥርስ ነው፣ ድንጋይ አልሆነም። ለዚህም ነው የሚሰነጠቀው።

ዕድሜው በምን ይታወቃል?

በውስጡ የቀረ ኮላጅን (የአጥንትና የጥርስ ፕሮቲን) ካለ በራዲዮካርቦን፣ ማለትም በጊዜ ብዛት እየቀነሰ የሚሄደውን የካርቦን ዓይነት በመለካት። ይህ ዘዴ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይሄዳል። ማስቲሽ፣ ቫርኒሽ፣ የፀጉር ስፕሬይ የመሳሰለ ነገር ከተቀባ ግን ምርመራው ይበላሻል። ደግሞ ማሞዝ ሁሉ እኩል አሮጌ አይደለም፤ ከሩሲያ በስተ ሰሜን ባለችው ራንግል ደሴት የመጨረሻዎቹ የኖሩት ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ቢሸጥ ስንት ያወጣል?

እሱን እኔ አልመልስም። በብዙ አገር ከመንግሥት መሬት የወጣ ቅሪተ አካል የመንግሥት ነው። የዛሬ ዝሆን ጥርስ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ንግዱ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሕጉን እወቁ።

እኔው ነኝ፣ ያገኘሁት። ውኃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። መረቡ ታየኝ! በስልኬ ፎቶ አንስቼ ስለካው 70 ዲግሪ ሆነ። ማሞዝ ነው ማለት ነው?

እንኳን ደስ ያለህ፣ የዝሆን ዘር መሆኑ ተረጋግጧል። 70ው ግን አይቆጠርም። ከፎቶህ እንደማየው የለካኸው መሃሉ አካባቢ ነው። ወደ መሃል ሲገባ ማዕዘኑ የዛሬ ዝሆን ላይም ይጠባል። ከውጭው ቅርፊት ሥር፣ ዳር ዳሩን ለካ። ስልኩን ከስብራቱ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ ካጋደለ ቁጥሩም ያጋድላል። አምስት ቦታ ለካና አማካዩን ውሰድ።

ዳሩን ለካሁ፦ 84፣ 88፣ 79፣ 86፣ 83።

አማካዩ 84 ነው፤ ወደ ማሞዝ ያዘነብላል። ከዚህ በላይ በፎቶ አልፈርድም። በአቅራቢያህ ያለ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደውልና «እርጥብ ጥርስ አለኝ» በላቸው። እርጥብ የሚለውን እንዳትረሳ፤ ማስቀመጫ ገንዳ አዘጋጅተው ይጠብቁሃል። ስትወስደው በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለህ በፕላስቲክ አሽገው፣ የጻፍከውንም ወረቀት ያዝ።